ከሐዋሳ እስከ ሃክኒ፦ አራስ ልጄን አብሮኝ ያስታመመ ቤት

መነሻ፦ ሐዋሳ

ለንደን የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። ልጄ ረድኤት ወሯ ገብቶ ነበርና አራስ ላርስ ነው የሄድኩት። ረድኤት ከአገር የወጣችው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲው በታመሰበት ጊዜ፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ መጥታ አይቻታለሁ፤ የቀረው ሁሉ በስልክ ነው። አብሯት ይኖር የነበረው ሰው እርግዝናዋ ሲገፋ ጥሏት እንደሄደ የነገረችኝም በስልክ ነበር። አላለቀሰችም። «እማ፣ ብቻዬን ነኝ። መምጣት ትችያለሽ?» ነው ያለችኝ።

እኔ ጥሩወርቅ እባላለሁ። ሐዋሳ ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባሌ ከሞተ የቆየ ሴት ነኝ። ቪዛዬ እስኪመጣ ድረስ ጎረቤቶቼ ስንቄን አዘጋጁልኝ፤ የገብስ ዱቄት ለገንፎ፣ አጃ፣ አብሽ፣ በሶ፣ ሽሮና በርበሬ። ንጥር ቅቤም በጣሳ ሞልተውልኝ ነበር። ረድኤት «ቅቤ አያስገቡም፣ ኤርፖርት ላይ ይጥሉብሻል» ስትለኝ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ለመተው ወሰንኩ። ቅቤ የሌለው ገንፎ እንዴት ለአራስ ይቀርባል እያልኩ እስከ ሞጆ ድረስ ስብሰለሰል ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ለንደን እንደምሄድ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ታድለዋል» አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የዝዋይን ሐይቅ አየሁ። ልጄን ምን ሆና እንደማገኛት አላወቅሁም ነበርና።

ሂትሮው

ሌሊቱን በርረን ሲነጋ ለንደን ደረስን። ፓስፖርት የምታየው ሴት ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋብኝና በእጄ ሆዴ ላይ የእርጉዝ ሆድ ሠርቼ አሳየኋት። ፈገግ ብላ ማህተሟን መታች።

መውጫው ላይ በአማርኛ የተጻፈ ካርቶን አየሁ። «ጥሪወርቅ» ይላል። የአማርኛ መምህር ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ስሕተቱን ነው። ካርቶኑን የያዙት ሰው ረጅም ናቸው። ፀጉራቸው በአንድ ወገን ተላጭቷል፣ በአንድ ጆሯቸው ጉትቻ አድርገዋል፣ ጥፍራቸውን ሰማያዊ ተቀብተዋል፣ ሰፊ ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ፊታቸው የሐበሻ ፊት ነው። ወንድ ይሁኑ ሴት መለየት አልቻልኩም።

«እማማ ጥሩወርቅ?» አሉኝ።

«አቤት። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጸጋ እባላለሁ፣ የረድኤት ጓደኛ። የእሷ እግር አብጧል፣ ስለዚህ እኔ መጣሁ። እርስዎ ደክሞሻል?»

አማርኛቸው እንዲህ ነበር። በ«እርስዎ» ይጀምሩና «አንቺ» ላይ ይወድቃሉ። ለንደን ተወልደው ያደጉ፣ ቋንቋውን ከወላጆቻቸውና ከሰንበት ትምህርት ቤት የለቃቀሙ ልጅ መሆናቸውን በኋላ ነገሩኝ። ሁለቱንም ሻንጣ ነጥቀውኝ ወደ ባቡሩ ወሰዱኝ። ለእኔ የባቡር ካርድ ገዝተው ገንዘብ ሞሉበትና «ቶፕ አፕ አድርጌዋለሁ፣ እዚህ ጋ ንኪው» ብለው አሳዩኝ። ባቡሩ መጀመሪያ ከመሬት በላይ በቀይ ጡብ ቤቶች ጓሮ ነው የሚሄደው። በየጓሮው የተሰጣ ልብስ፣ የልጆች ብስክሌት፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ይታያል። ከዚያ መሬት ውስጥ ገባን። ሌስተር ስኩዌር ላይ ወርደን ሌላ ባቡር ስንይዝ ተንቀሳቃሹ ደረጃ አስፈራኝና ቆምኩ። ጸጋ ከኋላችን የሚገፋውን ሕዝብ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ክንዳቸውን ሰጡኝ። «ተይው፣ ይጠብቁ። እኛ አንቸኩልም» አሉኝ።

ኬንቲሽ ታውን

የልጄ ቤት ኮንዶሚኒየም በሚመስል ረጅም ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ መኝታ፣ ጠባብ ወጥ ቤት፣ የባቡር ሐዲድ የሚታይበት መስኮት። ረድኤት በሩን ስትከፍት ሆዷ ቀድሟት መጣ። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ጸጋ ሻንጣዎቹን አስገብተው፣ ውኃ ጥደው፣ እኛ ሳናያቸው ሄደዋል።

ሻይ ስንጠጣ «ይኼ ሰው ማነው? ወንድ ነው ሴት?» ብዬ ጠየቅኋት።

ረድኤት ትንሽ አሰበች። «ወንድም ሴትም አይደሉም፣ እማ። ራሳቸውን የሚያዩት እንደዚያ ነው። በእንግሊዝኛ ‹ዘይ› ነው የምንላቸው። በአማርኛ እየተቸገርኩ ስማቸውን ብቻ ነበር የምጠራው። አንቺ ግን ከኤርፖርት ስትደውዪልኝ ‹እሳቸው ተቀበሉኝ› አልሽኝ።»

«‹ዘይ› እነሱ ማለት አይደለም እንዴ? አንድ ሰው እንዴት እነሱ ይባላል?»

«አንቺስ ለአንድ ሰው ‹መጡ፣ በሉ፣ ሄዱ› ትዪ የለም እንዴ?»

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ «እርስዎ» ወንድና ሴት እንደማይለይ ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬ፣ ይህ ለሰው እንዲህ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገሩ ከገባኝ ይልቅ ያልገባኝ ይበዛል። በሃይማኖቴ ምን ማለት እንደሆነም አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ አልልም። የማላውቀውን ሰው አክብሮ መጥራት ግን ስለማውቅ እሱን ይዤ ቀጠልኩ። ጸጋ መጀመሪያ «ለእኔ እርስዎ? እኔ እኮ ልጅሽ ነኝ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ «አትተይው፤ ደስ ይለኛል» አሉኝ። እኔ እሳቸውን እርስዎ፣ እሳቸው እኔን አንቺ እያልን ተግባባን።

ሃክኒ

ከመውለዷ በፊት ባለው ሐሙስ ረድኤት ጸጋ የሚሠሩበትን ቤት እንዳይ ፈለገች። ከኬንቲሽ ታውን ዌስት ጣቢያ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ባቡር ያዝን። ሃክኒ ሴንትራል ወርደን በገበያው አለፍን። ፕላንቴን የሚባል የሚጠበስ ሙዝና ባምያ የሚሸጡ፣ ጨርቅ የሚያራግፉ፣ ዓሣ የሚቆርጡ ሰዎች በየራሳቸው ቋንቋ ይጣራሉ። አንዲት ነጋዴ አምስት ቲማቲም በሳህን አድርጋ በአንድ ፓውንድ ስትሸጥ አይቼ ሂሳቡን በብር ልመታ ስል ረድኤት «እማ፣ እዚህ አትምቺ፣ ራስሽን ያምሻል» አለችኝ።

ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ድሮ የሕዝብ መታጠቢያ የነበረ የጡብ ሕንጻ ነው አሉኝ። ሴቶችን፣ እንዲሁም እንደ ጸጋ ያሉ ሰዎችን ይረዳል። እዚያ ሁሉም «ሴንተሩ» ነው የሚለው። ፎቁ ላይ ስለ ቤት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ሥራ የሚያማክሩ አሉ። ምድር ቤቱ ትልቅ ወጥ ቤትና ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል ነው። ኃላፊዋ ሞሪን ይባላሉ፤ በልጅነታቸው ከጃማይካ የመጡ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሲያቅፉ አጥንት የሚያንኳኩ ሴት ናቸው። ማንም ሲገባ ለምን መጣህ፣ ለምን መጣሽ የሚል የለም። መጀመሪያ ምግብ ይቀርባል። ጉዳዩ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው።

የምስር ሾርባ ከጠጣሁ በኋላ ለእኔም ቢላዋና ካሮት ሰጡኝ። በቀኜ አንዲት ሶማሊያዊት፣ በግራዬ ደማቅ ሊፕስቲክ የተቀቡ፣ እጃቸው የአናጢ እጅ የሚያክል ሽማግሌ ሰው ተቀምጠዋል። ሦስታችንም በአንድ ቋንቋ አንግባባም። ካሮቱ ግን ተልጦ አለቀ። ሽማግሌው የእኔን አላላጥ አይተው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ረድኤት ያን ቀን ነው ያልነገረችኝን የነገረችኝ። ሰውየው ጥሏት ሲሄድ ኪራዩ በእሱ ስም ስለነበረ ከቤት ወጥታለች። ለምርመራ ስትሄድ አዋላጇ የዚህን ቤት አድራሻ ሰጠቻት። አሁን ለምትኖርበት ቤት ስታመለክት በየቢሮው አብረዋት የተመላለሱት፣ ወረፋ የጠበቁላት፣ ስታለቅስ አጠገቧ የተቀመጡት ጸጋ ናቸው። «ላንቺ ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ነው» አለችኝ። እኔ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ ልጄ ደኅና ናት ስል፣ ልጄን ደኅና ያደረጋት ሰው ሌላ ነበር። ተነሥቼ ጸጋን ሳምኳቸው። ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሌላውን ጉንጫቸውን ሰጡኝ።

አራስ ቤት

ረድኤት በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ማኅሌት አልናት። ሐኪም ቤት ሁለት ሌሊት አድረን ወደ ቤት ተመለስን፤ እኔም ገንፎዬን ማገንፋት ጀመርኩ። ቅቤ ከቱርኮቹ ሱቅ ገዝቼ በኮረሪማ አነጠርኩት። የአገሬን ባያህልም ሸተተ።

ረድኤት ግን አትበላም። ገንፎው ፊቷ ይቀዘቅዛል። ሕፃኗ ስታለቅስ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ጡት ለማጥባት እሰጣታለሁ፤ አጥብታ መልሳ ትሰጠኛለች፤ ፊቷን አታይም። ሌሊት አትተኛም። አንድ ቀን «እማ፣ ልጅቷ አንቺን ነው የምትወደው። እኔ አልሆናትም» አለችኝ። ድካም ነው አልኩ። ብርድ መቷት ይሆናል አልኩ። ጠዋት ገና ሳይነጋ የሚመሽበት አገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ይጨልማል፤ የጨለማው ነገር ነው አልኩ። ጸሎት አደረግሁ። ምክንያት መቁጠር አላቃተኝም፤ ልጄ ግን በዓይኔ ሥር እየራቀችኝ ነበር።

ጸጋ በየሐሙሱ ይመጣሉ። ብዙ አይናገሩም። ዕቃ ያጥባሉ፣ ልብስ ያጥፋሉ፣ ከረድኤት አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። የሚያወሯት ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ ትመልሳለች። ከእኔ ጋር የማትናገረውን ከእሳቸው ጋር ስትናገር ቅር አላለኝም። ተናገረች እንጂ።

ከሃርልስደን ሰፈር ደግሞ ዘውዴ ትመጣልኛለች። ዘውዴ በመምህራን ማሠልጠኛ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ ሠላሳ ዓመት ለንደን ኖራለች። አማርኛዋ እዚያው የቀረ ነው፤ ታክሲን አሁንም በዚያን ጊዜ ስሙ «ውይይት» ትላለች። ደግ ሴት ናት። ሁለት አውቶቡስ ለውጣ እንጀራና ጸበል ይዛልኝ ትመጣለች። አንድ ሐሙስ ጸጋ ዕቃ ሲያጥቡ ደረሰች። ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ወደ መስኮቱ ሳበችኝ።

«ጥሩ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሰው ናቸው። የረድኤት ጓደኛ።»

«ክፉ አስቤ አይደለም። ልጅሽ ታማለች፤ የሚያስፈልጋት ጸሎትና ጸበል ነው። እንዲህ ያለ ሰው አራስ ቤት ምን ይሠራል? መንፈሱን አታዪም? ከዚህ ቤት ይራቅ።»

አማርኛ አይሰሙም ብላ ድምጿን አልቀነሰችም። የቧንቧው ውኃ ቆመ። ጸጋ የመጨረሻውን ሳህን አድርቀው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ፣ «ደኅና ዋዪ፣ እማማ» ብለውኝ ወጡ። እስከ ደረጃው ልከተላቸው ስል በሩ ተዘጋ።

ብቻዬን የሄድኩበት መንገድ

በሚቀጥለው ሐሙስ ጸጋ አልመጡም። ለረድኤት ጉንፋን ይዞኛል የሚል መልእክት ላኩላት። አነበበችው፣ ስልኩን በአፉ ደፋችው፣ ተነሥታ ልብሷን ለበሰች።

«ወተት ልገዛ ነው» አለችኝ።

ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መውጣቷ ነበርና ደስ አለኝ። ሱቁ ሕንጻው ሥር ነው። ብዙ ቆየች። በመስኮት አየሁ፤ የለችም። ስደውል ስልኩ አልጋው ላይ ጮኸ። ጫማዋ በሩ ሥር ነው፤ የወጣችው በቤት ነጠላ ጫማ ነው። የጸጋ ቁጥር ያለው በእሷ ስልክ ውስጥ ነው፤ እሱን መክፈት አላውቅም።

ዘውዴን ብጠራትም ከሃርልስደን እስክትደርስ ይቆያል። በስሙ የማውቀው፣ ብቻዬን ብሄድ የማገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ማኅሌትን ደረቴ ላይ በነጠላ አስሬ ካፖርቴን ከላይ ደረብኩና ወጣሁ። ጣቢያው ድረስ መንገዱን አውቀዋለሁ። ባቡሩ መጣ። አንድ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። የጣቢያዎቹን ስም እንደ ጸሎት በአፌ እላቸው ነበር፤ ካምደን ሮድ፣ ካሌዶኒያን ሮድ፣ ሃይበሪ፣ ካኖንበሪ፣ ዳልስተን። ባለፈው ከረድኤት ጋር ስንሄድ እያነበበች ያስጠናችኝ ነው። ሃክኒ ሴንትራል ሲል ከወንበሬ ተነሣሁ። ሕፃኗ መንገዱን ሙሉ ተኝታለች።

ገበያውን እየሮጥኩ ነው ያለፍኩት። የሴንተሩን በር ስገፋ ሞሪን ፊቴን አይተው የያዙትን ማሰሮ አስቀመጡ። «ረድኤት» አልኩ፤ «ኖ ሆም፣ ኖ ፎን፣ ኖ ሹዝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሞሪን ማኅሌትን ከደረቴ ፈተው ተቀበሉኝና ወደ ፎቁ ተጣሩ። ጸጋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። ጉንፋን የሚባል ነገር አልነበረባቸውም።

«እማማ፣ የት እንደምትሄድ አውቃለሁ። እርጉዝ ሆና ሁልጊዜ ካናሉ ጋ ትቀመጥ ነበር። ነይ፣ አብረን።»

ካናሉ በሰው እጅ የተቆፈረ የውኃ መንገድ ነው፤ ከሴንተሩ ሩቅ አይደለም። ረጋ ያለ ጥቁር ውኃ፣ ዳሩ ላይ ሰው የሚኖርባቸው ቀጫጭን ጀልባዎች፣ ጠባብ የእግር መንገድ። ብስክሌተኞች ደወል እየደወሉ ያልፉናል። ከአንዱ ድልድይ ሥር ስንወጣ አየኋት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ውኃውን ታያለች። እግሯ ከብርዱ የተነሣ ቀልቷል። ልሮጥ ስል ጸጋ ክንዴን ያዙኝ።

«እማማ፣ ትንሽ ብቻ። እኔ መጀመሪያ ልቀመጥ። ከዚያ አንቺ።»

ድልድዩ ሥር ቆሜ አየሁ። ጸጋ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው እግሯ ላይ ጣሉላት። ሁለቱም ውኃውን እያዩ ቆዩ። ከዚያ የልጄ ትከሻ ሲነቃነቅ አየሁ፤ ከወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ ታለቅስ ነበር። ራሷን ጸጋ ላይ ደገፍ ስታደርግ ጸጋ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ።

«እማ» አለችኝ፣ «እኔ ባልኖር ለልጅቷ የሚሻላት መስሎኝ ነበር።»

አቀፍኳት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ጸጋ ግን ያሉትን አስታውሳለሁ። «ዛሬ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። አንቺ መናገር ካቃተሽ እኔ እናገራለሁ። ካልፈለግሽ አልናገርም፤ ብቻ አጠገብሽ እሆናለሁ» አሏት። ረድኤት እሺ አለች።

ስሙን ያገኘንለት በሽታ

ሞሪን ስልክ መትተው ስለነበር ሐኪሟ በዚያው ከሰዓት በኋላ ተቀበለችን። ወጣት ሴት ናት። ረድኤትን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ ጸጋ ይተረጉሙልኛል። የወለዱ ብዙ ሴቶችን የሚይዝ የታወቀ ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው፤ የሚያነጋግር ባለሙያ አለው፤ ይድናል። ጸጋ እዚህ ላይ ቃል አጠራቸው።

«እማማ፣ ሐዘን አይደለም። ከሐዘን ይብሳል። ውስጥሽ ይጨልማል። በአማርኛ አላውቀውም።»

«ድባቴ» አልኳቸው።

«ድባቴ» ብለው ደገሙት። ረድኤትም ቀና ብላ አየችን። «ስም አለው እንዴ?» አለች። ስም እንዳለው ማወቋ ብቻ ትንሽ ያቀለላት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ ያለ ነበር። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ፈጀ። ባለሙያዋ ቤት ድረስ እየመጣች ታነጋግራት ነበር። ከሴንተሩ ደግሞ ሰው አልተለየንም። ሶማሊያዊቷ ሩዝ በቅመም ይዛ ትመጣለች። ያ ባለ ሊፕስቲክ ሽማግሌ ሁለት ባቡር ለውጠው መጥተው የተሰበረውን የመታጠቢያ ቤት በር ጠገኑልን፤ ቀድሞ አናጢ ነበሩ ለካ። እኔ ሐኪም ቤት ስከተላት ሞሪን ማኅሌትን ይይዛሉ። ስለ ነገሩ እንድናወራ ማንም አላስገደደንም። መጥተው ይቀመጣሉ፣ የሚሠራውን ይሠራሉ፣ ይሄዳሉ።

አንድ ጠዋት ማኅሌት አልቅሳ ላነሣት ስል ረድኤት ከአልጋዋ ተነሥታ መጣች። «እማ፣ ስጪኝ፤ እኔ ልያዛት» አለችኝ። ተቀብላት ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ባቡር ሲያልፍ «አየሽው? እሱ ወደ ሃክኒ ነው የሚሄደው» ስትላት ሰማሁ። ወጥ ቤት ገብቼ የማማስለው ነገር ሳይኖር ማሰሮውን አማሰልኩ።

ጸጋን ብቻቸውን ባገኘኋቸው ጊዜ ስለዚያ ሐሙስ አነሣሁላቸው።

«ዘውዴ ያለችውን ሰምተዋል።»

«አዎ። አማርኛዬ ጎበዝ አይደለም፤ እንደዚያ ያለውን ግን በደንብ እሰማለሁ። ልጅ ሆኜ ብዙ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ሴንተሩ ስመጣ ለምን ሮጠው ወረዱልኝ?»

«ረድኤት ናት እኮ» አሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ ግራ እያጋባቸው።

ክርስትና

የማኅሌት ሰማንያ ቀን ሲደርስ ክርስትና አነሣናት። የክርስትና እናቷ ዘውዴ ናት። የሆነውን ሁሉ፣ ድልድዩን፣ ካናሉን፣ በብርድ የቀላ እግሯን አንድ በአንድ ነግሬያት ነበር። ስጨርስ «ጸበሉንም አንተው፣ መድኃኒቱንም አንተው» አለችና ሌላ ወሬ አነሣች።

ጸጋ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። «ድሮ ዘማሪ ነበርኩ፤ አሁን ሲያዩኝ ይረበሻሉ። እዚህ እጠብቃለሁ» ብለው ባዶውን የሕፃን ጋሪ ይዘው ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ብርዱ ከባድ ነበር። ሥርዓቱ አልቆ ማኅሌትን በነጭ ልብስ ስንታቀፍ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ነው ይዤያት የተሻገርኩት። ግንባሯን ስመው ጋሪው ውስጥ አስተኟት።

የረድኤት ቤት ስለማይበቃ ድግሱ ሴንተሩ ውስጥ ሆነ። ዶሮውን እኔ ሠራሁ፤ ሩዙን ሶማሊያዊቷ፣ የጃማይካውን ኬክ ሞሪን። የዘውዴ ነገር አሳስቦኝ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ካፖርቷን ሳታወልቅ ዞር ዞር ብላ አየች። ሽማግሌው አናጢ ወንበር ሳቡላት፤ ተቀመጠች። ቆይታ ሳህን ይዛ ተነሣች፤ ዶሮና ዕንቁላል አድርጋ ወደ ጸጋ ሄደች።

«እን…» አለችና ቆመች። «እንካ» ትበል ወይስ «እንኪ» አልታወቃትም። ሳህኑ በመካከላቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ወደ እኔ ዞረች።

«ይብሉ» አለቻቸው በመጨረሻ። «ምንም አልቀመሱም እኮ።»

ጸጋ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ዘውዴ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ አልተነጋገሩም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት የኖረችበት አገር ውስጥ አንድ አዲስ በር ስትከፍት ያየኋት መሰለኝ።

መመለሻ

የተሰጠኝ ጊዜ ሲቃረብ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ረድኤት ሙሉ በሙሉ ድናለች አልልም፤ አንዳንድ ጠዋት ይከብዳታል። ግን ሲከብዳት ትናገራለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ልጇን በጋሪ እየገፋች ሃክኒ ትሄዳለች። ኤርፖርት የሸኙኝ እሷና ጸጋ ናቸው። ጸጋ «መርቂኝ» ብለው ጎንበስ ሲሉ እጄን ራሳቸው ላይ ጫንኩ። «ልጄን እንደያዙልኝ እርስዎንም የሚይዝ አይጡ። ደጅዎ አይዘጋ። የሚወዱዎት ሰዎች ይብዙልዎ» አልኳቸው። ቀጥ ሲሉ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «‹አይጡ› ምንድን ነው?» ብለው ረድኤትን ጠየቋት፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ሐዋሳ በገባሁ ማግስት ጎረቤቶቼ እንኳን ደኅና መጣሽ ሊሉኝ ተሰበሰቡ። የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥትና ትልቁን ሰዓት አይቼ እንደሆን ጠየቁኝ። ሰዓቱን ከአውቶቡስ ላይ አይቼዋለሁ፤ ቤተ መንግሥቱን አላየሁም። ስለ ረድኤት መታመም፣ ስለ ሴንተሩ፣ ስለ ጸጋ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስለ ጸጋ ስናገር አንዳንዶቹ ተያዩ፤ አንዷ አማተበች። አልተከራከርኳቸውም። «ልጄ ብቻዋን ስትሆን ያልተለዩዋት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው» አልኩ። ከጉዞዬ ይዤ የተመለስኩት ዕውቀት ይኸው ነው። ለሰው ለመድረስ ነገሩ ሁሉ እስኪገባን መጠበቅ የለብንም፤ እኔ ካሮት እየላጥኩ፣ እነሱ በር እየጠገኑ ተረዳድተናል።

ጎረቤቶቼ መሸት ሲል አንድ በአንድ ሄዱ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የነበረችው የጎረቤቴ ምራት ትዕግሥት ግን አልተነሣችም። በቅርቡ ወልዳለች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ወደ መሬት ታያለች።

«እትዬ ጥሩ» አለችኝ፣ «ያ ያሉት በሽታ እዚህ አገርም አለ?»

«አለ» አልኳት።

ሕፃኑን ከጭኗ ወሰድኩላት። በሩን ገርበብ አድርጌ መጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ከየት እንደምጀምር አላውቅም» አለችኝ።

«ከፈለግሽበት ጀምሪ» አልኳት። «አልቸኩልም።»